የሰውን ፊት በዘይት ቀለም መሣል፦ ከጥላ መጀመር

የሰውን ፊት በዘይት ቀለም ሊሥል የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቆዳ ቀለም ነው። «ጠይም ፊት ከምን ከምን ይበጠበጣል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጊዜው ግን ገና ነው። ሥዕል ባለቤቱን የሚመስለው ብርሃንና ጥላው ትክክለኛ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ የቆዳ ቀለም የለም፤ የምናውቀውን ሰው ግን ወዲያው እንለየዋለን።

ስለዚህ የምትሥሉትን ሰው መስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያርፍበት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ተጨማሪ አምፖል አታብሩ፤ ጥላውን ያፈርሰዋል። ከዚያ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሽፋሽፍቱም፣ የከንፈሩ መስመርም፣ የቆዳው ዝርዝርም ይጠፋና የበራውና የጠቆረው ብቻ ይቀራል። የዓይኑ ጉድጓድ፣ የአፍንጫው ጎንና ከአገጩ በታች ያለው አንገት ብዙ ጊዜ ተያይዘው አንድ ጥላ ይሆናሉ። መጀመሪያ የምትሥሉት የዚያን ጥላ ቅርጽ ነው።

ንድፉን በርንት አምበር በተባለው ጠቆር ያለ ቡኒ ቀለም፣ በተርፐንታይን አቅጥናችሁ ሸራው ላይ አስፍሩ። ጀማሪ እዚህ ላይ ዓይንን ወደ ላይ ያወጣል። ግንባርና አናት ትኩረት ስለማይስቡ ያሳጥራቸዋል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በብሩሹ እጀታ ለኩ፦ ፀጉሩን ትታችሁ፣ ከራስ ቅሉ ጫፍ እስከ አገጩ ድረስ ያለው ርቀት እኩሌታ ላይ ዓይንን ታገኙታላችሁ።

የዘይት ቀለም በመትነን አይደርቅም። ቀለሙን የያዘው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠነክራል። የታችኛው ቅብ ቀጭንና ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው ደግሞ ዘይቱ የበዛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ ታቹ በኋላ ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ ይሰነጣጠቃል። በዚሁ ምክንያት በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920 እ.ኤ.አ.) በአራት ቀለሞች፣ በነጭ፣ በቢጫ ኦከር፣ በቀይና በጥቁር ፊትን በመሣል ይታወቃል። ጥቁሩ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ሰማያዊ እምብዛም አያሻም። ለጠይምና ለጥቁር ፊት ግን በርንት ሲየና የተባለውን ቀይ ቡኒና አልትራማሪን ሰማያዊ እንድትጨምሩ እመክራለሁ። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሰጡት ጥላ ጥልቅ ነው፤ ከጥቁር ቀለም የተሠራ ጥላ ግን ይሞታል።

ከውጭ የሚመጡት የማስተማሪያ መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚያስተምሩት ቀላ ያለ ነጭ ቆዳን ነው። የእኛን ፊት በዚያ ስሌት የሚሥል ሰው ብርሃኑን ለማውጣት ቡኒው ላይ ነጭ ይጨምራል፤ ፊቱም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ብርሃን ያንጸባርቃል። ከግንባሩና ከጉንጩ አጥንት ላይ የሚመለሰው ብልጭታ የመስኮቱን ቀለም ይይዛል፤ ጥርት ካለ ሰማይ የመጣ ከሆነ ሰማያዊነት አለው። በብልጭታውና በጥላው መካከል ያለው ቆዳ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሞቀ ነው፤ ብርቱካናማና ቀይ ቡኒው የሚታየው እዚያ ነው። ነጩን ለብልጭታው አቆዩት፤ ይህን መካከለኛ ክፍል ግን በኦከርና በበርንት ሲየና አብሩት።

የዓይን ነጩም ነጭ አይደለም። ብሩሽ ጫፍ ላይ ንጹሕ ነጭ ቀለም ያዙና ከሰውየው ዓይን አቅጣጫ አስተያዩት፤ ዓይኑ ከላይኛው ቆብ ጥላ ሥር ስላለ ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያ ግራጫ ሣሉት፤ ብሌኑ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን ነጥብ መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ንክኪ አስቀምጡና ብሩሹን አንሡ። ያለቀውን ሥዕል የምትቀቡት ቫርኒሽ ቀለሙ እስኪጠነክር፣ ቢያንስ 6 ወር ይቆይ፤ ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ዓመት ያስፈልገዋል።