የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፦ የ«ነገር ግን» አገልግሎት

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ብራዚላዊው ኤርማኖ ክሬብስ በመጀመሪያ የተማረው የመርከብ ምህንድስና ነበር። ኋላም በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከኔቪል ሆጋን ጋር በማኑስ ሥራ ተሰማራ። ማኑስ ስትሮክ በተባለው የአንጎል ሕመም ክንዳቸው የዛለባቸውን ሰዎች እጃቸውን ደግፎ ደጋግሞ የሚያለማምድ መሣሪያ ነው። በ127 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከ36 ሳምንታት በኋላ፣ በመሣሪያው የተለማመዱት የዘወትር ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ክንዳቸውን ለማንቀሳቀስ ቻሉ። ነገር ግን በባለሙያ እጅ እየተረዱ ያንኑ ያህል ከተለማመዱት አልበለጡም።

ማብራሪያ፦ «ነገር ግን» ተቃራኒ ሐሳቦችን ያያይዛል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቢቀር ምንባቡ ውዳሴ እንጂ እውነተኛ ታሪክ አይሆንም።

መልመጃ፦ ስለምታውቁት አንድ ባለሙያ፣ የሥራውን ውጤትና የውጤቱን ወሰን በ«ነገር ግን» አያይዛችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።