ምጥንና ፋፋ

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ሁለት ቃላትን በተለይ አስተውሉ፤ እነርሱም «ምጥን» እና «ፋፋ» ናቸው። ሁለቱም በየቤቱ የሚነገሩ ስለ ሆኑ ትርጉማቸውን አጥርታችሁ የምታውቁ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን በየቀኑ የምንጠራው ቃል፣ በየቀኑ እንደምንበላው ምግብ ሁሉ፣ ምን እንደ ያዘ ሳንመረምረው ብዙ ዘመን እንኖራለን።

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። የዚህ ሠፈር ልጆች ከሆናችሁ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የምታዩትን በዐይነ ኅሊናችሁ አስቡ። በሽሮ ሜዳም ሆነ በአዲሱ ገበያ ጉልት የተቀመጡ እናቶች ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቲማቲሙንና ሎሚውን በመደብ በመደብ ደርድረው ይሸጣሉ። ጥቂት አለፍ ብሎ ቆሎ የሚሸጡ አሉ። ከዚያ ማዶ ባለው ሱቅ ደግሞ ብስኩቱ፣ ከረሜላውና ለስላሳ መጠጡ በልዩ ልዩ ቀለም አሸብርቆ ተደርድሯል። ምሳ ሳትበሉ ውላችኋል፤ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ደግሞ ጥቂት ነው። ወደ የትኛው ትሄዳላችሁ? ብዙዎቻችሁ ወደ ሱቁ እንደምትሄዱ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

በዚሁ በጉለሌ፣ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው አካባቢ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ ያለውን መልክ ከመያዙ በፊት ከነበሩት ተቋማት አንዱ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1962 በስዊድን ርዳታ ከተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የተገኘ ሲሆን፣ በ1995 ከሌሎች የጤና ምርምር ተቋማት ጋር ተዋሐደ። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎቹን ያሳሰባቸው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሕፃናት ጡት በሚጥሉበት ወቅት ሆዳቸው እየጠገበ ሰውነታቸው ለምን ይጎዳል? በየቤቱ ለሕፃን የሚሰጠው ምግብ በአብዛኛው ከእህል ዱቄት ብቻ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ነበር። አጥሚቱ ሆድን ይሞላል፤ ሥጋን ለመገንባት ግን በቂ አይደለም። ስለዚህ በ1960ዎቹ የስንዴን ዱቄት ከጥራጥሬ ዱቄት ጋር ቀላቅለው፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቪታሚንና ማዕድን ጨምረው አንድ የሕፃናት ምግብ አዘጋጁ፤ ስሙንም «ፋፋ» አሉት።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። «ፋፋ» ስም አይደለም፤ ግስ ነው። የኀላፊ ጊዜን፣ ሦስተኛ መደብን፣ ነጠላ ቁጥርንና ተባዕታይ ጾታን ያመለክታል። «ሕፃኑ ፋፋ» ባልን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን የሚያስረው እርሱ ነው። እናት ወደ ሱቅ ሄዳ «ፋፋ ስጠኝ» ስትል የምትገዛውን ዕቃና ለልጅዋ የምትመኘውን ነገር በአንድ ቃል ትጠራለች። የአማርኛ የንግድ ስሞች ሁሉ እንዲህ ባለ ማስተዋል ቢወጡ እንዴት መልካም በሆነ ነበር!

ቅልቅሉ ያስፈለገበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ቃል ከፊደላት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲንም አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይሠራል። ከእነዚህ መካከል ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውና ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው አሉ። አንዱ ቢጎድል፣ አንድ ፊደል እንደ ጎደለው ቃል፣ ሥራው ይስተጓጎላል። ስንዴ፣ በቆሎና ማሽላ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስርና አተር ግን ላይሲን አላቸው፤ እነርሱ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ይገኛል። የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል ማለት ነው። በመጠንም ብናየው፣ በ100 ግራም ሽምብራ ውስጥ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ የሚገኘው ከ10 እስከ 13 ግራም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃል እንመለስ። እናቶቻችን ጥራጥሬውን ቆልተው፣ ከክተው፣ ከቅመማ ቅመሙ ጋር አስማምተው የሚያስፈጩትን ሽሮ «ምጥን ሽሮ» ይሉታል። «ምጥን»፣ «መጠን»፣ «መጠነ» እና «ተመጣጠነ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በመጻሕፍት «የተመጣጠነ ምግብ» የሚለው ሐረግ ከመለመዱ አስቀድሞ ሥሩ በእናቶች የሽሮ ቁምጣ ውስጥ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ፣ ሽምብራና ገብስ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ ሁሉም ፋፋ የተሠራበትን ሐሳብ በውስጣቸው ይዘዋል። እህልና ጥራጥሬ በአንድ ገበታ ተገናኝተዋልና። «ከሽሮ በቀር የምንበላው የለንም» እያለ በድህነቱ የሚያፍር ተማሪ ካለ፣ የሚያፍርበት ነገር ከገንቢ ምግቦች አንዱ መሆኑን ይወቅ። (ከጥራጥሬ ሁሉ ግን ጓያን ለይታችሁ እወቁት፤ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል።)

ይሁን እንጂ ሽሮ ብቻውን ሁሉን ይሞላል ብላችሁ አትደምድሙ። በሽታ የሚከላከሉ ምግቦች ያስፈልጋሉ። ጎመንና ካሮት ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህ ቪታሚን ሲጎድል ሰው በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ አባቶቻችን ይህን «ዳፍንት» ይሉታል። ሎሚ፣ ብርቱካንና ቃሪያ ቪታሚን ሲ አላቸው፤ ይህም ሰውነት በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለውን ብረት እንዲቀበል ይረዳዋል። ጎመኑን ግን በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ቀቅላችሁ ውኃውን ብትደፉት፣ ከቪታሚኑ ብዙውን ከውኃው ጋር ደፋችሁት ማለት ነው። ቪታሚን ቢ 12 ደግሞ በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ በእህልና በአትክልት አይገኝም፤ ስለዚህ ጾም ባልሆነበት ቀን አንድ እንቁላል ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ቢገኝ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ምሳ ከተበላ በኋላ ወዲያው የሚቀርበው ሻይ የምግቡን ብረት አሥሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በተለይ ልጃገረዶች በየወሩ ደም ስለሚፈስሳቸው ከወንዶቹ የበለጠ ብረት ያስፈልጋቸዋል። ሻዩን ተዉት አልተባለም፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ ነው። ከቤታችን ልማዶች መካከል ምንም ወጪ ሳያስከትል ሊታረም የሚችል ይህን የመሰለ ጥቂት ነው።

ስለ ሱቁ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ኀይል ይሰጣል፤ ከኀይል በቀር ግን የሚሰጠው ነገር የለም። በሠርግና በበዓል ቢጠጣ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የምሳን ቦታ የያዘ ዕለት ይጀምራል። በዚያው ገንዘብ የሚገዛው አንድ ስኒ ቆሎ ጥርስን ያሠራል፣ ረኀብንም ያቆያል።

እስካሁን ስለ ራሳችሁ ምግብ ተናገርን። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቹ እናታቸው ወደ ሥራ በሄደች ጊዜ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት የሚመግቡ ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። መሻሻሉ ታላቅ ነው፤ 37 ግን ዛሬም ብዙ ነው። መቀንጨር በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ጉዳቱም የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ የአእምሮን ዕድገት ይነካል፤ በኋላ በሚመጣ ጥጋብም እምብዛም አይካካስም። እንግዲህ ዛሬ ስድስት ወር ለሞላው ወንድማችሁ የምታበሉት ገንፎ ሲዘጋጅ ከእህሉ ዱቄት ጋር የሽምብራ ወይም የምስር ዱቄት መጨመሩ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ መደረጉ፣ የበሰለ ካሮት ተደቁሶ መግባቱ፣ እርሱ በተራው ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ይህን የመሰለ ምንባብ በሚያነብበት ጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

መልመጃ። ለሰባት ቀናት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ሁሉ፣ ሰዓቱን ጭምር፣ በደብተራችሁ መዝግቡ፤ የሚያሳፍር መስሎ የታያችሁንም አታስቀሩ። ከዚያም በምዝገባው ውስጥ እህልና ጥራጥሬ የተገናኙባቸውን ገበታዎች፣ አትክልት የቀረበባቸውንና ሻይ ምግብን ወዲያው የተከተለባቸውን ጊዜያት ለይታችሁ ቁጠሩ። በቁጥሩ ላይ ተመሥርታችሁ በቤታችሁ ሊለወጥ የሚችል አንድ ልማድ ምረጡና ምክንያታችሁን በማስረዳት ሦስት አንቀጽ ያለው አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በቤታችሁ ምጥን ሽሮ የምታዘጋጀውን እናት ወይም አያት ምን ከምን ጋር፣ በምን ያህል መጠን እንደምትቀላቅል ጠይቃችሁ የሰጠችውን መልስ በራስዋ ቃላት በሁለተኛው አንቀጽ አስገቡ። በድርሰታችሁ ውስጥ «መጠነ» ከሚለው ግስ የሚረቡ ቢያንስ አራት ቃላትን ተጠቀሙና ከሥራቸው አስምሩባቸው።