ሞተር አልነሣ ሲልና ቤንዚን ሲያፈስ፤ የአሮጌ መኪና የነዳጅ መስመር እንዴት ይመረመራል?

ባዲዓ ከምንኖረው ተማሪዎች አብዛኞቻችን የራሳችን መኪና የለንም። ያለን ብንኖርም የያዝነው ከኛ በፊት ሦስትና አራት ባለቤት ያሳለፈ አሮጌ ካምሪ ወይም ኮሮላ ነው። በአንዷ መኪና አራትና አምስት ሆነን እንሄዳለን። ስለዚህ የአንዷ መኪና ብልሽት የባለቤቷ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጠዋት አልነሣ ካለች አምስት ሰው ከትምህርቱ ይቀራል፤ ቤንዚን እያፈሰሰች ከሄደች ደግሞ አምስት ሰው እሳት ላይ ተቀምጦ ይጓዛል። ይህን ጉዳይ ለጥናት ያቀረብነው በዚህ ምክንያት ነው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲዘወተሩ እናያለን። አንደኛው «አሮጌ ስለሆነች ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን መሽተቷም የእርጅና ነው» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው መንስኤውን ሳያጣሩ ዕቃ መለወጥ ነው፤ ዛሬ ባትሪ፣ ነገ ካንዴላ፣ ከነገ ወዲያ ፓምፕ እየተባለ የወር ቀለብ ያልቃል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ይቀራል። የኛ አቋም ከሁለቱም የተለየ ነው። አልነሣ ማለትና ማፍሰስ ብዙ ጊዜ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ በሽታው ያለበትን ቦታ የሚጠቁመንም መኪናዋ የምትቸገርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ማስተዋል ይቀድማል።

1. ችግሩ በእርግጥ የነዳጅ ነውን?

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ከደከመ ወይም «ቀጭ» ብሎ ከቀረ ጉዳዩ የባትሪ፣ የባትሪ ጫፎች ወይም የሞተሪኖው የራሱ ነው። የሪያድ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር መዘንጋት የለበትም። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ግን ምርመራው ወደ ነዳጅና ወደ እሳት ይሸጋገራል። ካንዴላው ሲወጣ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፤ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ወይ ቤንዚኑ በዝቷል ወይ እሳት የለም። የቤንዚን ሽታ ባለበት ግን ካንዴላ አውጥቶ ብልጭታ መሞከር ክልክል ነው።

2. ጊዜው ቦታውን ይጠቁማል

ሀ. አድራ ጠዋት ስትቸገር። ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች በመስመሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ባር ያህል ግፊት ይይዛሉ። ሞተሩ ሲጠፋም ፓምፑ ውስጥ ያለው የማያስመልስ ቫልቭ ይህን ግፊት ለተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ያቆየዋል። ቫልቩ ከላላ ወይም መስመሩ ከፈሰሰ ጠዋት መስመሩ ባዶ ይሆናል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ሞተሪኖውን ሳናዞር ቁልፉን እስከ መብራቱ ከፍተን ሁለትና ሦስት ሰኮንድ እንጠብቃለን፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመን ከዚያ እናስነሣለን። በዚህ ዘዴ ቶሎ ከተነሣች ግፊቱ ሌሊት እየወረደ ነው ማለት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ የማይሠራባቸው፣ ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ የሚሠራባቸው መኪኖችም ስላሉ በነሱ ላይ ይህ ሙከራ አያገለግልም።

ለ. ሞቃ ቆማ ስትቸገር። ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ቆማ አልነሣ ካለች፣ ስትነሣም ጥቁር ጭስ ካወጣች፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይጠረጠራል። ካርቡራተር ባላቸው ላይ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አፍልቶ ወደ ሞተሩ ያፈሰዋል።

ሐ. ቤንዚን ተሞልታ ስትቸገር። ይህ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታወቅ ምልክት ነው። የሰርባትዮውን ትነት ወደ ሞተር የሚያስገባው ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ ትነቱ ሞተሩን ያፍነዋል።

መ. በጉዞ ላይ ስትደክም። ፊልትሮው ወይም ፓምፑ ይጠረጠራል። የሰርባትዮው መተንፈሻ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ከሳበና መኪናዋ ነፍስ ከዘራች መንስኤው ይኸው ነው።

3. ፍሳሹን ስለመፈለግ

በሪያድ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ትንሽ ፍሳሽ መሬት ሳይደርስ ይተናል። «ከሥር እርጥበት የለም» ማለት «አታፈስም» ማለት አይደለም። ስለዚህ የፍለጋው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ነው። ማታ ከመኪናዋ ሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፋል። ሽታ የሌለው ንጹሕ ውኃ የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ ስለሆነ አያሳስብም። ቤንዚን ግን ካርቶኑ ላይ ቢደርቅም ሽታው ይቀራል። የዚህ አገር አቧራም ይረዳናል፤ ቤንዚን በሚያዣበት ቱቦና መጋጠሚያ ዙሪያ አቧራው ጠቁሮ ይጣበቃል።

ፍለጋው በቅደም ተከተል ከሰርባትዮው ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ክዳኑና የመሙያው ላስቲክ ቱቦ፣ ቀጥሎ የፓምፑ የላይ መዝጊያ፣ የብረት መስመሩ፣ ፊልትሮው፣ በመጨረሻም የሞተሩ ላስቲክ ቱቦዎችና ኢንጀክተሮቹ። ሽታው ሰርባትዮው ጢም ብሎ ሲሞላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ ከላይ፣ በመሙያው ቱቦ ወይም በፓምፑ መዝጊያ በኩል ነው። ግፊት ሲኖር ብቻ የሚያፈስ መስመርም ስላለ አንድ ሰው ቁልፉን ይከፍታል፤ ሌላው ፈንጠር ብሎ በባትሪ መብራት ይመለከታል።

ሁለት የተሸሸጉ ፍሳሾች አሉ። የመጀመሪያው የግፊት መቆጣጠሪያው ነው፤ መቆጣጠሪያው ሞተሩ አጠገብ ባለባቸው መኪኖች ከሱ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ሲነቀል ቤንዚን ከተገኘበት በውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ሁለተኛው በካርቡራተር መኪና ላይ የሚታየው የሜካኒክ ፓምፕ ነው፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይቱ መለኪያ ቤንዚን ከሸተተና ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ሞተሩ ፈጽሞ መነሣት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል።

ወደ ሰናዒያ ስንሄድ ለመካኒኩ የምንነግረው የምንገምተውን ሳይሆን ያየነውን መሆን አለበት፤ «ጠዋት ትቸገራለች፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ስጠብቅ ግን ትነሣለች» የሚል ቃል ብዙ ገንዘብ ያድናል። ዕቃ ከመለወጡ በፊት ግፊቱ በጌጅ ይለካ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መርፌው ቶሎ ይወርድ እንደሆነ ይታይ። ላስቲክ ቱቦ ሲለወጥ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራው፣ «ጄ 30 አር 9» የሚል ምልክት ያለበት ይጠየቅ፤ የውኃ ቱቦ አይተካውም።

4. ይህ ዕውቀት አገር ቤትም ያስፈልጋል

ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ከፍታ ላይ በቀላሉ ይተናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ አቋርጦ የሚወጣ አሮጌ የካርቡራተር መኪና ሙቀቱና ዳገቱ ሲተባበሩበት በመስመሩ ውስጥ ትነት ይሞላና ይቆማል፤ ሾፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ የሚያደርጉት ትነቱ ተመልሶ ቤንዚን እንዲሆን ነው። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ ለዓመታት ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፤ ኤታኖል ደግሞ ለሱ ያልተሠራን የድሮ ላስቲክ ያሳብጣል፣ ያሰነጥቃል።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ከዚህ የምንረዳው በመንገድ ላይ ያሉት ዲኤክሶችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት መሥራት እንዳለባቸው ነው። አሮጌን ነገር ጠብቆ ማኖር ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

5. ፈጽሞ የማይደረጉ

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በመሬት ላይ ተስቦ ርቆ ይሄዳል። ከአየር ጋር ከመቶ 1.4 ያህል ሲደባለቅ ለመቀጣጠል ይበቃል፤ አንዲት ብልጭታ ትለኩሰዋለች። ስለዚህ፦

ሀ. ፍሳሽ ሲገኝ መኪናዋ አትነሣም፤ ተጎትታ ትሄዳለች። ከመንካት በፊት የባትሪው ነጋቲቭ ይነቀላል።

ለ. በክብሪትና በላይተር ብርሃን አይፈለግም።

ሐ. ቤንዚን በአፍ አይሳብም፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ይገድላል።

መ. የተበሳ ሰርባትዮ በሳሙና ተደፍኖ መንገድ አይኬድበትም። ባዶ ነው ተብሎም እንዲሁ አይበየድም፤ ትነቱ የቀረበት ባዶ ሰርባትዮ ከሞላው ይልቅ ይፈነዳል።

ሠ. መኪና ውስጥ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ የቤንዚን እሳት በውኃ አይጠፋም፣ ይሰራጫል።

በጥቅሉ፣ መቼ እንደምትቸገር እንመዝግብ፣ ጎሕ ሲቀድ እንፈልግ፣ ሳንለካ አንለውጥ። ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ያን ቀን በታክሲ መሄድ ይሻላል፤ ለታክሲ የሚከፈለው ብር ተመልሶ ይገኛል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቤንዚን በተሞላች ቁጥር የምትቸገር መኪናና አድራ ጠዋት የምትቸገር መኪና የበሽታቸው ቦታ በምን ይለያል?

2. ከመኪና ሥር የተነጠፈ ካርቶን ደረቅ ቢገኝ መኪናዋ አታፈስም ማለት ይቻላልን? ለምን?

3. በአንድ መኪና አብረን የምንሄድ ሰዎች ሽታ ሲሰማን ዝም የምንለው ባለቤቷን ላለማስቀየም ነውን? ይህንስ ልማድ እንዴት እናስቀር?