የሚወላገደውን ፑሊ መመርመር፦ ከአሮጌ የጀልባ ሞተር የተገኘ ትምህርት

የአማርኛ ጽሑፍ በስክሪን ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲመጣ፣ ችግሩ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ቢሆንም ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም። አራት ማዕዘን ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ በቦታው አለ፤ የጎደለው ፎንት ነው። በምትኩ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ጽሑፉ ከአንድ ኮድ ወደ ሌላ ሲዛወር ጠፍቷል፤ ፎንት ቢቀያየርም አይመለስም። ሁለቱን ሳይለይ ፎንት የሚጭን ሰው ጊዜውን ያባክናል። የዛሬው ትምህርት ስለ ጀልባ ሞተር ቢሆንም ጥያቄው ይኸው ነው፦ ችግሩ የሚታይበት ቦታና የሚመጣበት ቦታ አንድ ናቸው ወይ?

እኔ የምኖረው አልትሽቴተን ነው። ሊማት ወንዝ ከዙሪክ ሐይቅ ወጥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ በሰፈራችን ጠርዝ ያልፋል። አንድ ወዳጄ ሐይቁ ላይ አሮጌ ጀልባ አለው። ከክረምት በኋላ ሞተሩን ሲያስነሳ የውሃ ፓምፑ ፑሊ ሲወላገድ አየ። «ፓምፑ አልቆለታል» ብሎ አዲስ ገዛ። አሮጌውን ፑሊ አዲሱ ፓምፕ ላይ አስሮ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ያው መወላገድ ተመልሶ መጣ።

ለምን ያሳስባል?

ፑሊ ማለት ቺንጋ የሚጠመጠምበት፣ ጠርዙ ላይ ቦይ ያለው ክብ ብረት ነው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ አንድ ቺንጋ ከክራንክሻፍቱ ፑሊ ተነስቶ የውሃ ፓምፑንም ባትሪ የሚሞላውን ጀነሬተርም ያዞራል። ፑሊው ሲወላገድ ቺንጋው በጎኑ ይፋቃል፣ ኩሽኔታውም ያለ ልኩ ይጫናል። አንድ ቀን ቺንጋው ከቦዩ ሲወጣ ማቀዝቀዣውም ቻርጁም አብረው ይቆማሉ። መኪና ቢሆን ጥግ ይይዛሉ፤ ሐይቅ መሀል ግን ጥግ የለም።

ለጣና ባለጀልባዎች ነገሩ ይብሳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ግፊት የሌለበት ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። 406 ሜትር ላይ ባለው የዙሪክ ሐይቅ ወደ 99 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ተነስቶ ሰው ጭኖ ወደ ደቅ ደሴት የሚሄድ ሞተር፣ ውሃው እስኪፈላ ያለው ፋታ ያንሳል። የደንገል ታንኳ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ቺንጋ የለውም።

1. ከመንካት በፊት

ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ይንቀሉ፣ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር ከሆነ የሞተር ክፍሉን በደንብ ያናፍሱ፤ የቤንዚን ትነት ታች ይጠራቀማል፣ አንዲት የእሳት ብልጭታም ትበቃዋለች። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ገመድና የተለቀቀ ጸጉር ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ አይቅረቡ።

2. በስልክ ማየት

በፑሊው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ቀለም ይቀቡ። ሞተሩን አስነስተው ራቅ ብለው በስልክ ይቅረጹ። ሞተሩ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 15 ዙር ማለት ነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ከሆነ የክራንክሻፍቱ ፑሊ በአንድ ዙር የሚደርሰው 2 ምስል ብቻ ነው። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ዝግ ያለ ቀረጻ ግን 16 ይደርሰዋል፤ መወላገዱንም መከተል ይቻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ቶሎ የሚዞር ክብ ነገር ጠማማ ሊመስል ይችላል፤ በቀረጻው ብቻ አይፍረዱ። ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። በኢትዮጵያም በስዊዘርላንድም የመብራት ኃይል 50 ሄርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በሰከንድ 25 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ቀዳዳ ፑሊ በእንዲህ ያለ ብርሃን ሥር የቆመ ሊመስል ይችላል። የቆመ መስሎዎት እጅዎን እንዳይሰዱ።

አሁን ይቁጠሩ። ንቅናቄው ነጩ ቀለም ባለፈ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ከፑሊው ወይም ከዘንጉ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ቺንጋውን ይጠርጥሩ። ለምሳሌ ፑሊው ቺንጋው በሚያርፍበት ቦታ 150 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ዙሪያው 471 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 1,000 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቺንጋ አንዴ ዞሮ የሚመለሰው ፑሊው ከ2 ዙር በላይ ከዞረ በኋላ ነው።

3. ቺንጋውን አውጥቶ በእጅ መሞከር

ከዚህ በኋላ ሞተሩ አይነሳም። ቺንጋውን ያውጡና የፓምፑን ፑሊ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁ። ዘንጉ አብሮ ከተነቃነቀ፣ ሲዞርም ከሻከረ ወይም ከጮኸ ኩሽኔታው አልቋል። ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ማኅተም መልቀቁን ያመለክታል። ዘንጉ ጸጥ ብሎ ፑሊው ብቻ ከተነቃነቀ ቡሎኖቹ ላልተዋል፤ ወይም ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የምትቆልፈው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተበልታለች። ምንም ካልተነቃነቀና ሲዞር ግን ከተወላገደ፣ አንድ ነገር ጠማማ ነው ወይም ጠማማ ሆኖ ተቀምጧል።

4. መለካት

ዳይል ኢንዲኬተር የሚባለውን ሰዓት የሚመስል መለኪያ ከማይንቀሳቀስ ብረት ጋር አስረው ጫፉን ፑሊው ላይ ያሳርፉ፤ ፑሊውን በእጅ ቀስ ብለው አንድ ዙር ያዙሩት። ሁለት ጊዜ ይለኩ፦ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በዙሪያው። የዙሪያው ንባብ እጥፍ መሆኑን አይርሱ፤ ፑሊው ከመሀሉ 0.5 ሚሊሜትር ከሸሸ መርፌው 1 ሚሊሜትር ይሄዳል። የሚፈቀደው ልክ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የሞተሩን መጽሐፍ ይመልከቱ።

5. ግማሽ ዙር ማዞር

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው፤ ዋጋውም ቡሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው። ፑሊው በአራት ቡሎን የታሰረ ከሆነ መርፌው ከፍ ያለበትን ቦታ ፑሊውም ላይ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይም ምልክት ያድርጉ። ፑሊውን ፈትተው ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ይሰሩና እንደገና ይለኩ። ከፍታው ፑሊውን ተከትሎ ከዞረ ጥፋቱ የፑሊው ነው። ከዘንጉ ምልክት ጋር ከቀረ ዘንጉ ወይም መቀመጫው ጠማማ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን ማየት ማለት ይህ ነው። በሽብልቅ የሚቆለፍ ፑሊ ግን እንዲህ አይዞርም፤ እሱን አውጥተው ዘንጉን ለብቻው ይለኩ።

የወዳጄ ፑሊ ስንለካው ከፍታው ፑሊውን ተከተለ። ፈትተን ጀርባውን ስናየው ከመቀመጫው ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ የተጋገረ ዝገት አገኘን። ትንሽ ናት፤ ግን ሒሳቡን ይመልከቱ። 50 ሚሊሜትር ስፋት ባለው መቀመጫ ጠርዝ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ቆሻሻ ቢገባ፣ 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፑሊ ጠርዙ ላይ 0.8 ሚሊሜትር ይወላገዳል። ዝገቱን ፍቀን መልሰን ስናስረው መርፌው ረጋ። ጥሎት የነበረው አሮጌ ፓምፕ ጤነኛ ነበር።

አንድ የተለየ ጉዳይ

አንዳንድ የክራንክሻፍት ፑሊዎች የሞተሩን ንዝረት እንዲያበርዱ በመሀል ጎማ አላቸው። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል። ከመሀሉ ጀምሮ በጎማው ላይ አልፎ እስከ ቀለበቱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩ። ሞተሩ ከሠራ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ከተገኘ ፑሊው ይቀየራል፤ ጥገና የለውም።

ፑሊ ሲያወጡም በካቻቢቴ አይፈልቅቁት። ስስ ብረት ከሆነ ይጣመማል፣ የተቀለጠ ብረት ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ያልነበረ መወላገድም በገዛ እጅዎ ይፈጥራሉ። ለዚህ የተሠራ መንቀያ አለ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መነቅነቅ፣ ከዚያ መለካት፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ዕቃ መግዛት የመጨረሻው ነው። ስክሪን ላይ አራት ማዕዘን ሲደረደርም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።