አርጃኖና የበረሃ አንበጣ፦ በአካል መጠንና በጉዳት መካከል ያለው ዝምድና

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ሀብሩንና ራያ ቆቦን ሲወርር ማሽላው ለአጨዳ ተቃርቦ ነበር። የዓመት ቀለብ ያጠፋው ነፍሳት ግን አንዱ 2 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን አርጃኖ ብንወስድ የ3,000 አንበጣ ክብደት አለው፤ ሆኖም አርጃኖ አገር አስርቦ አያውቅም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

አንዱ በሳንባ ሌላው በአየር ቱቦ መተንፈሱ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገኝ አልዘገይበትም። ይልቅ ጠባይን እንመልከት። አማርኛ ፌንጣንና አንበጣን በስም ቢለይም፣ የበረሃ አንበጣ በተናጠል ሲኖር ጠባዩ የፌንጣ ነው። ከዝናብ በኋላ ይበዛል፤ ልምላሜው ሲመናመን በቀረችው ጥቂት ቦታ ይተፋፈጋል። የኋላ እግሮቹ ደጋግመው ሲነካኩ በነርቭ ሥርዓቱ ውስጥ የሴሮቶኒን መጠን ይጨምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀድሞ ይሸሻቸው የነበሩትን ቢጤዎቹን በሰዓታት ውስጥ መቅረብ ይጀምራል። አርጃኖ ግን ቢበዛም መንጋ አይሆንም።

ስለዚህ ንጽጽሩ ከአንዱ አንበጣ ጋር ሳይሆን ከመንጋው ጋር መሆን ይገባዋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገምተው፣ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። ክብደቱ 1,600 ኩንታል፣ ማለትም ከ26,000 በላይ አርጃኖዎች ማለት ነው። እያንዳንዱ አንበጣ በቀን የራሱን ክብደት ያህል ስለሚበላ የመንጋው የቀን ፍጆታም ያንኑ ያህላል። አርጃኖ፣ በተለይ ጫጩቱ፣ ነፍሳትን ይመገባል፤ ነገር ግን ለመራባት ዓመታት ሲፈጅበት አንበጣው በጥቂት ወራት ትውልድ ይተካል። መንጋውን የሚገታ አዳኝ ሊሆን አይችልም።

ሁለቱ የሚመሳሰሉበት አንድ ነጥብ ግን ለቁጥጥር ሥራ ይጠቅማል። ሁለቱም የሰውነት ሙቀታቸውን በአብዛኛው ከአካባቢያቸው ስለሚያገኙ ማለዳ ፀሐይ ሳይሞቁ በቅልጥፍና አይንቀሳቀሱም። መንጋው ፀሐይ ከወጣች በኋላም ለተወሰኑ ሰዓታት ባደረበት ስለሚቆይ፣ ለመሬት ላይ ርጭት ምቹው ጊዜ ይኸው ነው። ወልድያ ከመርሳ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ማለዳዋ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ጊዜው ሊረዝም እንደሚችል እገምታለሁ። ይህን ለመፈተን ቴርሞ ሜትርና ሰዓት ይበቃል፦ በሚቀጥለው ወረራ መንጋው በየከፍታው የሚነሣበትን ሰዓትና የአየሩን ሙቀት ጎን ለጎን መመዝገብ ነው።