ስለ እግር የደም ሥር ጤንነት

የመቂ ገበሬ የወንዙን ውሃ በፓምፕ ወደ ሽንኩርትና ወደ ቲማቲም እርሻው እንደሚያወጣ፣ የባታችንም ጡንቻ በምንራመድበት ጊዜ ደሙን ከእግር ወደ ልብ ይገፋዋል። በደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ የሚመለስ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ በ1628 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

ክዳኖቹ የደከሙ እንደ ሆነ ግን ደሙ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። ስለዚህ በሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚውል አስተማሪ በየጊዜው ይራመድ፤ ተረከዙንም ከፍ ዝቅ ያድርግ። ሽማግሌም ሳይነቃነቅ ብዙ ሰዓት በመደብ ላይ አይቀመጥ። ሲያርፉ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማል።

አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ቢያምና ቢሞቅ፣ በውስጡ ደም ረግቶ ይሆናልና በወጌሻ አይታሽ። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የደረሰ እንደ ሆነ ሰውን ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።