የጣለኝ ዕድሜዬ ሳይሆን እፍረቴ ነበር



የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬአለሁ፤ እንጀራዬንም የምበላው በብዕሬ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን ብስክሌት መንዳት አልችልም ነበር። በልጅነቴ በሰፈራችን ብስክሌት በደቂቃ ሲከራይ የምከፍለው ሳንቲም አልነበረኝም። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ሳንቲሙ ሲገኝ ድፍረቱ ጠፋ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ብስክሌት አስተምረኝ» ስትለኝ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ እኔ ጊዜ የለኝም» አልኳት። ያጣሁት ግን ጊዜ አልነበረም። ልጄን ዋሸኋት። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ውሸት ነው።

ብስክሌት የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነማ አውቃለሁ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1956) ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር።

ታዲያ አዋቂን ሰው አዲስ ነገር ከመማር የሚያግደው ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «ዕድሜዬ ሄዷል፣ አጥንቴ ደርቋል» እንላለን። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሕ ኪታባቸው ስለ ዕውቀት በሚያወሳው ክፍል፣ ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሙጃሂድ ዕውቀት ከሚያመልጣቸው ሰዎች መካከል አፋሩንና ኩሩውን እንደጠቀሱ አስፍረዋል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦች በትልቅ ዕድሜያቸው እንደተማሩም ኢማሙ እዚያው ያስታውሱናል። ንግግሩ ስለ ዲን ዕውቀት መሆኑን አልዘነጋሁም። በሽታው ግን ያው ነው፤ ሁለቱም እኔ ዘንድ ነበሩ። መውደቅ አፈርኩ፤ ልጅን «አስተምረኝ» ማለት ደግሞ ኮራሁ።

በመጨረሻ የጎረቤቴን የ13 ዓመት ልጅ ለመንኩት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሰፈራችን ካለው ሜዳ ወጣን። በመጀመሪያው ቀን እሱ ከኋላ እየያዘኝ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ክርኔ ተላጠ። በማግስቱ ልጁ መፍቻ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ፔዳሉን እንፍታው» አለኝ። (እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው።) መቀመጫውንም ሁለት እግሬ መሬት ሙሉ በሙሉ እስኪረግጥ ድረስ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ተቀምጦ መሬቱን በእግር እየገፉ መሄድ ብቻ ሆነ። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በ1817 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ የሠራው የብስክሌት አያት ፔዳል ስላልነበረው የሚነዳው እንዲሁ በእግር እየተገፋ ነበር። ጀማሪ ፔዳሉንና ሚዛኑን በአንድ ጊዜ ልማር ሲል ሁለቱም ያመልጡታል። ሚዛኑን ከያዘ ግን ፔዳሉ ቀላል ነው።

ከትንሹ ኡስታዜ ሦስት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ብስክሌቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ ማዞር፤ ፍርሃት ግን ወደ ተቃራኒው አዙር ይላል፤ የሚጥለንም ያ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይንን ከፊት ጎማ አንስቶ ሩቅ ማየት። ሦስተኛ፣ ከመጠን በላይ አለመዝገም። ፈሪ ቀስ ይላል፤ ብስክሌት ደግሞ ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ ይወላገዳል። ፍሬን ሲያዝም የፊቱን ብቻ ድንገት መጨበጥ አደገኛ ስለሆነ ሁለቱንም በዝግታ መያዝ ይገባል። የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግንም አትርሱ።

በአራተኛው ጠዋት እግሬን ከመሬት አንስቼ ጥቂት እንደተንሸራተትኩ፣ አንድ ከመስጂድ የሚመለሱ አባት ቆመው ሲያዩኝ ተመለከትኩ። ደነገጥኩና ወደቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አይዞህ ልጄ፤ እኔም በጉልምስናዬ መማር አምሮኝ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ቀረሁ» አሉኝ። ትክ ብለው ብስክሌቱን አይተው ሄዱ። ያን ቀን ከክርኔ ይልቅ የተሰማኝ የእሳቸው ንግግር ነው።

በሳምንቱ ፔዳሉ ተመልሶ ተገጠመ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሜዳውን ዞርኩ። ማታውን ልጄን ጠርቼ «የዚያን ቀን ጊዜ አጥቼ ሳይሆን አልችልም ነበር፤ አፍሬ ነው የዋሸሁሽ» አልኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ስንቴ ወደቅህ?» ብቻ አለችኝ። አሁን ፔዳሉን የምፈታው ለእሷ ነው።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን እንዳይዋሹና መማር እንዳይፈሩ እንሻለን። ታዲያ እኛ «አላውቅም» ለማለት ስናፍር ካዩን፣ ከማን ይማሩ? ብስክሌት ይሁን ዋና፣ ኮምፒዩተር ይሁን የዐረብኛ ፊደል፣ በእፍረት የተውነው አንድ ነገር ካለ፣ ነገ ከሱብሒ በኋላ እንጀምረው፤ ኢንሻ አላህ።